አንቶኒ ሴድሊ የጫረው ስም፦ የበርፈርድ ቤተ ክርስቲያንና የ«እድሳት» ፖለቲካ

በእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ ከተማ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በርፈርድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዋናው መንገዷ ከኮረብታው ተነሥቶ ዊንድረሽ ወደተባለው ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ወንዙ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር በስተቀኝ በኩል በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የተሰየመው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በውስጡ ያለው የጥምቀት ገንዳ በእርሳስ የተለበጠ ሲሆን፣ በእርሳሱ ላይ በስለት የተጫረ ስም ይነበባል፦ አንቶኒ ሴድሊ፣ 1649፣ እስረኛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝኛው ጽሑፍ «እስረኛ» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሰውየው ወታደር እንጂ ጸሐፊ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓትም ስለ ፊደል አጣጣል የሚጨነቅበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ይህ ጸሐፊ ያንን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው የዶክትሬት ጥናቱን ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ወደዚያ የሄደው ግን ሴድሊን ፍለጋ አልነበረም፤ አንድ የጥናት ጓደኛው «በዚህ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ጠብ የዓለምን ቅርስ አጠባበቅ ለውጦታል» ብሎት፣ የጠቡን ቦታ ሊያይ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ዘወትር ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት የሚጽፍ ሰው ስለ ባዕድ አገር ግንብና ልስን ምን አስጻፈው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ካለፈው ዘመን ውስጥ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይፋቅ የሚለውን የሚወስን ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ፖለቲካ እየሠራ ነው። በበርፈርድ ይህ ነገር በድንጋይ ላይ ተጽፎ በግልጽ ይታያል።

በመጀመሪያ ሕንፃውን እንየው። መሐሉ ላይ የቆመው ግንብ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ኖርማኖች እንደሚሠሩት ወፍራም፣ ክብ ቅስት ያላቸው መስኮቶችና ጌጦች ያሉት፣ ከጸሎት ቤትነቱ ይልቅ ለምሽግነት የሚቀርብ። ዓይንን ከፍ ሲያደርጉት ግን ግንቡ በድንገት ጠባዩን ይለውጣል። የላይኛው ደርብ መስኮቶች ጫፋቸው የሾለ ነው፤ ከእነርሱም በላይ ቀጭን የድንጋይ ሾጣጣ ወደ ሰማይ ተተኩሷል። ይህ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። የኮትስወልድ ኮረብቶች በጎች ይረቡባቸው ነበርና የበርፈርድ ነጋዴዎች በሱፍ ከበሩ፤ በሱፍ ገንዘብም ግንባቸውን አስረዘሙ። በደቡብ በኩል ያለው ባለ ሦስት ደርብ መግቢያም የዚሁ ዘመን ነው፤ ውስጡ ገብተው ቀና ሲሉ የድንጋይ ጣሪያው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይታያል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከመግቢያው በስተምዕራብ ያለው የጸሎት ክፍል ነው። እርሱ ሲጀመር የነጋዴዎቹ ማኅበር ለብቻው በግቢው ውስጥ የሠራው ቤት ነበር። ኋላ ከዋናው ሕንፃ ጋር አጋጠሙት፤ ሆኖም አስቀድሞ ሲሠራ ቀጥ ብሎ ስላልተተከለ እስከ ዛሬ ድረስ ጠመም ብሎ እንደተጣበቀ አለ። ማንም ሊያቀናው አልሞከረም።

እንግዲህ ይህ ሕንፃ አንድ ሰው ያሰበው፣ አንድ ዘመን የፈጸመው አይደለም። እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው ላይ እየቀጠለ፣ አንዳንዴም የቀደመውን እየቆረጠ የሠራው ነው። ጥሩውም ክፉውም አለበት። በሰሜኑ ግድግዳ በ1569 የቆመ የኤድመንድ ሃርማን መታሰቢያ አለ፤ ሰውየው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ንጉሡ ገዳማትን ሲዘርፍ የድርሻውን ያገኘ ነው። በመታሰቢያው ላይ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ምስል ተቀርጿል፤ ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ወደ መሠዊያው ቀረብ ሲሉ ደግሞ የሰር ሎውረንስ ታንፊልድ መቃብር ክፍሉን ሞልቶት ይገኛል። ታንፊልድ ታላቅ ዳኛና የቦታው ባለ ርስት ሲሆን፣ የከተማይቱን ነጋዴዎች ራሳቸውን የማስተዳደር መብት በፍርድ ቤት ያስነጠቀ ሰው ነው። በ1625 ሲሞት ሚስቱ ያንን ግዙፍ፣ ባለ አምድና ባለ ጣሪያ ሐውልት ማንንም ሳታስፈቅድ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አቆመችለት። የደብሩ ሰዎች ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? መብታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች በየእሑዱ የወሳጁን መቃብር እያዩ ጸለዩ።

ከዚያ ሃያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው እነ ሴድሊ የመጡት። ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ በጃንዋሪ 1649 ተሰይፏል፤ አገሩን ያሸነፈው የፓርላማው ጦር ይዟል። በዚያ ጦር ውስጥ ግን «ለምን ተዋጋን?» የሚሉ ወታደሮች ነበሩ። ጠላቶቻቸው ሌቨለርስ አሏቸው፤ በእኛ ቋንቋ «ደልዳዮች» ልንላቸው እንችላለን፤ ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ አድርገው ሊደለድሉ ይፈልጋሉ የሚል ስድብ ነበር። የመምረጥ መብት እንዲሰፋ፣ ሕግ ባለ ርስትንና ድኻን በእኩል እንዲዳኝ፣ ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ጠየቁ። ውዝፍ ደመወዛቸው ሳይከፈልና ጥያቄያቸው ሳይመለስ ወደ አየርላንድ አንዘምትም ያሉ ክፍሎች በሜይ ወር አመፁ። ክሮምዌልና ፌርፋክስ በሌሊት በርፈርድ ላይ ደረሱባቸው፤ 340 ያህል ሰዎች ተይዘው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቆለፈባቸው። በ17 ሜይ 1649 ሦስቱ፣ ኮርኔት ቶምፕሰን፣ አሥር አለቃ ፐርኪንስና ወታደር ቸርች፣ ከደጅ በግቢው ግድግዳ ሥር በጥይት ተገደሉ። የቀሩት እንዲያዩ ወደ ጣሪያው ወጥተው ነበር።

የሴድሊ ጭረት ከዚያ ሰሞን ነው። ስሙን የጻፈው ነገ ይገደል አይገደል ሳያውቅ ይመስለኛል።

ሁለት መቶ ሃያ ጥቂት ዓመታት ወደፊት እንሻገር። በ1870ዎቹ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በእድሳት ትኩሳት ተይዛ ነበር። ከ1840 አንሥቶ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ከሰባት ሺህ በላይ የእንግሊዝና የዌልስ አብያተ ክርስቲያናት ታድሰዋል፤ ይህ ከነባሮቹ አብዛኞቹ ማለት ነው። ትኩሳቱ የራሱ ትምህርት ነበረው። በ1839 በካምብሪጅ የተቋቋመ አንድ ማኅበር፣ እውነተኛው የክርስትና ኪነ ሕንፃ በ1300 ዙሪያ የነበረው ጎቲክ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ገና ያልበሰለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዘቀጠ ነው ብሎ አስተማረ። በዚህ ሚዛን የተመዘነ አሮጌ ሕንፃ ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። የ15ኛው መቶ ዘመን መስኮት ወልቆ «ትክክለኛው» ይተከልበታል። የ17ኛው መቶ ዘመን እንጨት ወጥቶ ይጣላል። ልስኑም ተፍቆ ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል፤ ድንጋይ ራቁቱን ሲታይ ጥንታዊ መስሎ ይታያልና። የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ግን ግድግዳቸውን ለስነው ሥዕል ይሥሉበት ነበር እንጂ እንዲህ ትተውት አያውቁም። እዚህ ላይ የታሪክ ምፀት አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን ሥዕልን እንደ ጣዖት የቆጠሩት ተሐድሶዎች ሥዕሎቹን በኖራ ቀቡባቸው፤ ኖራው ግን ሸፍኖ አቆያቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት የመካከለኛው ዘመን ወዳጆች ኖራውን ከነልስኑ፣ ልስኑንም ከነሥዕሉ ፍቀው ጣሉት።

በርፈርድን እንዲያድስ የተጠራው ጆርጅ ኤድመንድ ስትሪት ነበር። ተራ ሰው አይደለም፤ ዛሬ በለንደን ከተማ የሚታየውን ታላቁን የፍትሕ አደባባይ የነደፈው እርሱ ነው። ዊሊያም ሞሪስ፣ ባለቅኔው፣ የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ነዳፊው፣ ኋላም በ1880ዎቹ ሶሻሊስት የሆነው፣ በ1876 ከኬልምስኮት ቤቱ ተነሥቶ ሲጓዝ በበርፈርድ በኩል አለፈ፤ ሥራውንም አይቶ ደሙ ፈላ። ነገሩን መራራ የሚያደርገው፣ ሞሪስ በ1856 ገና ወጣት ሳለ የኪነ ሕንፃ ሙያን ለመማር የገባው በዚሁ በስትሪት ቢሮ መሆኑ ነው። መምህሩ የሠራውን ነው ደቀ መዝሙሩ የጠላው። በዚያው ሰሞን የተቃውሞ ደብዳቤ ረቂቅ ጻፈ። በማርች 1877 ደግሞ ሰር ጊልበርት ስኮት የቱክስበሪን ገዳም ሊያድስ መሆኑን ሲሰማ ደብዳቤውን አቴኔየም በተባለው መጽሔት አወጣ፤ በዚያው ወር የጥንታዊ ሕንፃዎች መጠበቂያ ማኅበር ተመሠረተ። ወዳጆቹ «ፀረ ፍቂያ» ብለው የቤት ስም አወጡለት።

ስለ በርፈርዱ ቄስ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ሞሪስ ስለ እድሳቱ ቢወቅሰው፣ ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑ የእኔ ነው፤ ካሻኝ በውስጡ በጭንቅላቴ እቆማለሁ ብሎ መለሰለት ይባላል። ቃሉ በትክክል ይህ ይሁን አይሁን ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ፣ ሰውየው በሕግ ፊት ፍጹም ስሑት አለመሆኑ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ባለይዞታነት ለሹሙ ቄስ ነው። በእርግጥ ከሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሳያወጣ ግድግዳ ማፍረስ አይችልም፤ ነገር ግን ያ ፍርድ ቤት የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ነው። በ1882 የመጀመሪያው የጥንታዊ ሐውልቶች ጥበቃ ሕግ ሲወጣ ያተኮረው ከታሪክ በፊት በነበሩ የድንጋይ ክምሮች ላይ ነበር፤ በ1913 የወጣው የሰፋ ሕግም አገልግሎት የሚሰጡ አብያተ ክርስቲያናትን አልነካም። ስለዚህ ቄሱ «የእኔ ነው» ሲል የያዘው ወረቀት ነበረው። ታንፊልድም ወረቀት ነበረው። ክሮምዌልም እንዲሁ።

በአማርኛችን «አደሰ» ስንል አዲስ አደረገ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ራሱ ሳይደብቅ ይናገራል። «ጠገነ» ስንል ደግሞ ሐሳባችን ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወጌሻ የተሰበረ እግርን ያስራል እንጂ አዲስ እግር አይተክልም። የሞሪስና የጓደኛው የፊሊፕ ዌብ ክርክር በአጭሩ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእነርሱ ማኅበር ጠጋኝ ግንበኞች የጎደለውን ድንጋይ አስመስለው አይቀርጹም ነበር፤ ቦታውን በስስ የሸክላ ጡብ ሞልተው ጥገናው ጥገና መሆኑ እንዲታይ ይተዉታል። የሚያስተሳስሩትም በኖራ ነው። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ በውስጥ ያስቀራል፤ የኮትስወልድ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ደግሞ እርጥበቱን ወደ ውጪ ማስወጣት ካልቻለ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ጠጋኙ ሐሳቡን የሚሸሽግበት ምንም ነገር የለውም። አዳሹ ግን የራሱን ዘመን ምርጫ የጥንቱ ሰው ምርጫ ነው ብሎ ያቀርበዋል። ይህ በድንጋይ የተጻፈ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ተመልካቹም ማመሳከሪያው ስለጠፋበት ሊሞግት አይችልም።

አሁን ለስትሪትና ለዘመኑ ሰዎች ፍትሕ ላድርግ፤ በዚህ ጉዳይ የሞሪስ አድናቂዎች ለዛሬ ድረስ ቸልተኞች ናቸው። የ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ያለ ነበር? በዙሪያው እንደ ሳጥን ከፍ ብሎ የታጠረ፣ በር ያለው መቀመጫ፤ እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ባለ ቤት ንብረት፣ ወይም በኪራይ የሚያዝ። ባለ ርስቱ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ የእሳት ምድጃ ያለው የራሱ ሳጥን ነበረው። ድኻው ከኋላ ወይም በመተላለፊያው ዳር በአግዳሚ ይቀመጣል። እነዚያን ሳጥኖች አውጥተው የጣሉት፣ ክፍት አግዳሚ ወንበር ዘርግተው «ማንም የፈለገው ይቀመጥ» ያሉት እነዚሁ አዳሾች ናቸው። የፈረሰውን ጣሪያ ያስጠገኑት፣ ከወለሉ ሥር እየሰረገ ግድግዳውን ያበሰበሰውን ውሃ መውረጃ የሠሩለትም እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ዛሬ የቆሙት በእነርሱ ገንዘብና ትጋት ነው። ለመሆኑ የባለ ርስቱ ሳጥን ቅርስ ነው ብሎ ድኻውን ከኋላ ማስቀመጥ ይገባ ነበር? ሶሻሊስቱ ሞሪስ ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ አልሰጠም ባይ ነኝ።

ይህን ክርክር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከበርፈርድ ወደ ደቡብ ወርዶ ኢንግልሻም ወደምትባል መንደር ይሂድ። እዚያም ያለችው ቤተ ክርስቲያን በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ናት። በ1888 እና በ1889 ጥገና ሲደረግላት ሞሪስ ራሱ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ሥራውን የመራው ሚክልትዌይት የተባለ ባለሙያ ምንም ሳያድስ ጠግኖ ብቻ እንዲተዋት ሆነ። የ13ኛው መቶ ዘመን ቅስቶች፣ በላያቸው የተደራረቡ ከዘመን ዘመን የተቀቡ ሥዕሎችና የቅዱስ መጽሐፍ ጥቅሶች፣ አንዱ ከሌላው ሥር እያፈነገጠ ይታያል። የሳጥን መቀመጫዎቹም እንዳሉ ናቸው። ከእንግሊዝ ሁሉ ውብ ከሆኑት ስፍራዎች አንዷ ናት ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን መደበኛ አገልግሎት አይሰጥባትም፤ ከአጥቢያነት ወጥታ ለአብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ የተቋቋመ ድርጅት ይጠብቃታል። በርፈርድ፣ የተፋቀው በርፈርድ፣ በየእሑዱ ሰው ይሞላዋል። ይህ የሆነው መንደሯ ትንሽ፣ ከተማይቱ ትልቅ ስለሆነች እንጂ በእድሳቱ ምክንያት አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ቢሆንም ነገሩ ይከነክነኛል።

እኔ በመጨረሻ ከሞሪስ ጋር የምቆመው በሳጥኖቹ ምክንያት አይደለም፤ በሴድሊ ምክንያት ነው። ሳጥኖቹን ማውጣት ሕያዋን ሰዎች ስለ ራሳቸው አቀማመጥ ያደረጉት ውሳኔ ነው፤ እንደዚያ ያለ ውሳኔ እነዚያ የሱፍ ነጋዴዎችም ግንቡን ሲያስረዝሙ አድርገዋል፤ ማንም አይነፍጋቸውም። «ይህ ሕንፃ እውነተኛ የነበረው በ1300 ነው፤ ሌላው ሁሉ ጉድፍ ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሚዛን የሴድሊ ስም ምንድን ነው? በተቀደሰ ዕቃ ላይ የተጫረ ብልግና ነው። የመካከለኛው ዘመን አይደለም፤ ጥበብ የለውም፤ ፊደሉም የተሳሳተ ነው። እንዲፋቅ የሚያዝዘው ደንብ ሁሉ ተሟልቶለታል። ሳይፋቅ መቅረቱን እንደ ተአምር ነው የማየው። የታንፊልድን ሐውልት ለመጠበቅ ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ እብነ በረዱ ራሱ ይከራከርለታል። የሴድሊ ዓይነቶቹ ግን የሚተርፉት አላስፈላጊ ነገርን ላለመንካት የሚያስገድድ ደንብ ካለ ብቻ ነው። ወርቃማ ዘመንን እንመልሳለን የሚል መንግሥት በየትም አገር መጀመሪያ የሚፍቀው የእስረኛን ጽሑፍ መሆኑን ታሪክ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያች የ1877 ማኅበር የወጣው ሐሳብ እየሰፋ ሄዶ በ1964 የቬኒስ ቻርተር በተባለው ሰነድ ዓለም አቀፍ መርሕ ሆኗል፤ የየዘመኑ አስተዋጽኦ ሁሉ ይከበር፣ ግምት የጀመረበት ቦታ ላይ እድሳት ይቁም ይላል መንፈሱ። የእኛ ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የገባው በዚህ መርሕ በሚመራ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ስለ ላሊበላ መጠለያዎችና ስለ ድንጋዩ መሰነጣጠቅ የሚደረገውን ክርክር የሚከታተል አንባቢ ቃላቱ ከየት እንደመጡ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የቀረኝ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሞሪስ ማኅበር ትልቁ ምክር እጅግ ቀላል ነበር፦ የጣሪያውን አሸንዳ አጽዱ፤ ቅጠሉ ውሃውን ሳይዘጋው። ዕለታዊ ጥንቃቄ ካለ እድሳት አያስፈልግም። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ የመንደሩ ጡረተኞች ናቸው፤ መሰላል ተደግፈው፣ ሻይና ኬክ ሸጠው ባጠራቀሙት ሳንቲም። በብሪታኒያ የጥገና ሥራ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል፤ ከባዶ መሬት ላይ የሚሠራ አዲስ መኖሪያ ቤት ግን አይከፈልበትም። ለጥንታዊ የአምልኮ ስፍራዎች ይህን ታክስ የሚመልስላቸው የድጎማ ሥርዓት ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ለአንድ ሕንፃ በዓመት ከ25 ሺህ ፓውንድ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት። በአንድ ግንብ ላይ የሚቆም የእንጨት መወጣጫ ብቻ ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሕጉ የሚጠግነውን እያስከፈለ አዲስ የሚሠራውን በነጻ ይለቃል፤ ቪክቶሪያውያን አዳሾች ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አላገኙም።

በርፈርድ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ በሜይ ወር የሌቨለርስ ቀን ይከበራል። ሰልፈኞች ባንዲራ ይዘው፣ እየዘፈኑ በዋናው መንገድ ይሄዳሉ፤ ቶኒ ቤንን የመሳሰሉ ፖለቲከኞችም በዚያ ንግግር አድርገዋል። የሦስቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በቤተ ክርስቲያኑ ውጪ ግድግዳ ላይ አለ። በውስጥ ያለውን ለማየት ግን ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ የእርሳሱ ጭረት ጥልቅ አይደለም፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በጎን ካልመታው በቀር አይነበብም። እኔ በሄድኩበት ቀን ደመና ስለነበረ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ ጠበቅሁ።